የናካቶ ስም

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12፣ ካምፓላ

መንግሥት ለአነስተኛ ነጋዴዎች የመደበው የማነቃቂያ ብድር ለእኛ ለስደተኞች አይሰጥም። ስለዚህ ኪኩቦ ገበያ ከሱቄ አጠገብ ጨርቅ የምትሸጠው ናካቶ ለሁለታችንም በስሟ አመለከተች። ተፈቅዷል ከተባለ ወራት አለፉ፤ እጃችን ግን አልገባም። ዛሬ ብቻዬን ብድሩን የሚሰጠው ቢሮ ሄጄ፣ «ገንዘባችን የት ገባ?» ብዬ ጮህኩ።

ኃላፊው ፈገግ አለ። «ገንዘባችን? አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

ናካቶ ለሁለታችን እንዳመለከተች ስነግረው፣ «ለስደተኛ ነዋ!» ብሎ እዚያው ስሟን ከዝርዝሩ ሰረዘ።

ስነግራት ጨርቋን እያጣጠፈች፣ «እህቴ፣ የተማርሽበት ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ዝም ማለት አያስተምሩም እንዴ?» አለችኝ።

ገንዘቡን የበላው ኃላፊው ነው። የት እንዳደረሰው ሳላውቅ አልተወውም፤ ነገም እሄዳለሁ። ግን ጠዋት ሱቅ ስንከፍት ናካቶን ምን ብዬ ሰላም እላታለሁ?