እናታችንን ስላጠቡልን እናመሰግናለን

ለክቡር ዶክተር ቫስኮ ቴንቲ
የኮረብታ ከተሞች የምግብና መጠጥ ንጽሕና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ግልባጭ፦
ለዳቦ ቤቱ በር፣
ለቤተ ክርስቲያኑ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣
ለፀጉር አስተካካዩ ለኔሎ (እሱ ካነበበው ሌላ ግልባጭ አያስፈልግም)።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም የቀኝ እጅዎ ጣቶች እንደምን እንደሰነበቱ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ባለፈው ጥቅምት በእኛ ቤት በአንድ ጠዋት ስድስት ወረቀት ሲፈርሙ አይቼ እስካሁን አሳስቦኛል። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ዴሊዮ ደህና ነው። ዶሮዎቹም ከስካራቸው ነቅተዋል፤ ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

ስሜ ኦርቴንሲያ ባርቢ ይባላል፣ ዕድሜዬ ሰባ አንድ ነው፣ የምኖረው በፖጆሳልቮ ከላይኛው ምንጭ አጠገብ ነው። ክቡርነትዎ ብዙ ቤት ስለሚጎበኙ ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ደረጃው ላይ ቆማ «ኧረ ተው! ኧረ በእመቤታችን ተው!» ስትል የነበረችው ሴት እኔ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ዳቦ ሊገዙ መጥተው የሚያነቡ ወጣቶች ግራ እንዳይገባቸው አንድ ነገር ላስረዳ። ቪን ሳንቶ የምንለው ጣፋጭ ወይናችን እንዲሁ አይሠራም። ዘለላው ከጣሪያው ሥር ባለችው ቆጥ ተሰቅሎ የገና በዓል እስኪያልፍ ይጠወልጋል፣ ከዚያ ይጨመቃል፣ ከዚያ በትንሽ በርሜል ታሽጎ ለዓመታት ይተኛል። ነገር ግን በበርሜሉ ግርጌ የምትቀመጠው ቡናማና ወፍራም ዝቃጭ ከሌለች ያ ሁሉ ልፋት የትም አይደርስም፤ ጭማቂውን ቪን ሳንቶ የምታደርገው እሷ ናት። ስሟም «እናት» ነው። አትሸጥም፣ አትገዛም፣ ለባዳ አትሰጥም፤ ሴት ልጅ ስትዳር በጠርሙስ ይዛት ትሄዳለች። እኔም የዛሬ አርባ ስድስት ዓመት ስዳር እናቴ ኤልቪራ ጠርሙሱን እጄ ላይ አስቀምጣ «ሌላ የምሰጥሽ የለኝም፤ ይቺን ግን እንዳታጠፊያት» አለችኝ። በዓመቱ ሞተች። መልኳን የሚያሳይ አንድ የደበዘዘ ፎቶግራፍ አለኝ፤ በሕይወት ያለ ነገሯ ግን በዚያ በርሜል ውስጥ ያለው ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ፤ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር እንደሚወድ ስላየሁ።

አንደኛ፦ እናቴን በመንግሥት ወረቀት ላይ ስላሰፈሩልኝ አመሰግናለሁ። እስከዚያ ድረስ ማንም በጽሑፍ አስቦልን አያውቅም ነበር። እርስዎ ግን ባርኔጣዎን ሳያወልቁ ቆጣችን ላይ ወጥተው፣ በርሜሉን አስከፍተው፣ ባትሪ አብርተው ካዩ በኋላ «ቡናማ መልክ ያለው፣ ዕድሜው የማይታወቅ ቆሻሻ» ብለው ጻፉ። ዕድሜዋን ቢጠይቁኝ እነግርዎ ነበር። ቀጥለውም ለላቦራቶሪ ናሙና እንደሚያስፈልግ ገለጹ፤ ናሙናውም ከላይ ከቀጭኑ ሳይሆን ከግርጌ ከወፍራሙ እንዲሆን ራስዎ አዘዙ። መያዣ ይዘው ስላልመጡ እጄ ያገኘውን ሰማያዊ ክዳን ያለው የቲማቲም ጠርሙስ ሰጠሁዎ፤ «የኦርቴንሲያ ቲማቲም፤ እንዳትነካ» የሚል በእጄ የተጻፈበት ነው፣ የተጻፈውም ለዴሊዮ ነው። እርስዎ በቀይ ሰም አትመው በደረትዎ አቅፈው ወረዱ። እንዴት ተጠንቅቀው እንደያዙት አይቼ የመንግሥት ሰው ለናሙና ይህን ያህል ይሳሳል ብዬ ተደንቄያለሁ።

ሁለተኛ፦ ስለ ዶሮዎቼ አመሰግናለሁ። ትእዛዝዎ በርሜሉ እዚያው በዓይንዎ ፊት በፈላ ውሃና በሶዳ እንዲታጠብ ስለነበር፣ ረዳትዎ ውሃውን ሲለቅበት እናት ሙሉ በሙሉ በግቢው ድንጋይ ላይ ፈሰሰች። እኔ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ይህን ለመጻፍ አላፍርም። ዶሮዎቹ ግን ተጠራርተው መጡና ለቀሟት። ሁለት ቀን ሙሉ ግድግዳ እየተደገፉ ሄዱ፤ አውራው ዶሮም ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ነጋ እያለ ይጮህ ነበር። በፖጆሳልቮ የመቶ ዓመት ቪን ሳንቶ ጠጥተው የጠገቡ ብቸኛ ፍጡራን እነሱ ናቸው፤ ምስጋናቸውን አድርሺልን ብለውኛል።

ሦስተኛውን ባለቤቴ እንዳልጽፈው ስለለመነኝ ዘልዬዋለሁ። ዴሊዮ ሰላም የሚወድ ሰው ነው።

አራተኛ፦ ስለ ጫጉላ ሽርሽራችን አመሰግናለሁ። በአርባ ስድስት ዓመት ትዳር ባለቤቴ ከገበያ አልፎ የትም ወስዶኝ አያውቅም ነበር። ዘለላው ቆጥ ላይ ተሰቅሎ እየጠወለገ፣ በርሜሉ ደግሞ ባዶውን ሶዳ ሶዳ እየሸተተ ሲቀር ግን፣ ጥር ሳያልቅ ሌላ እናት ካላገኘን የኤልቪራ ወይን በእኔ ዘመን እንደሚያበቃ ገባን። ችግሩ፣ የወረቀትዎ አራተኛ አንቀጽ ከውጭ ዝቃጭ ማምጣትን በጥብቅ ይከለክላል። ስለዚህ ዴሊዮ ለቀብር የሚለብሰውን ኮቱን፣ እኔም የኮራል ሐብሌን አድርገን፣ ባለ ሦስት ጎማዋን የጭነት መኪናችንን አጥበን፣ እንደ ባዕድ አገር ሰዎች ወይን ለመቅመስ የሚዞሩ ባልና ሚስት መስለን ወጣን። ወጣቶቹ ገንዘብ የሚከፍሉለትን ነገር እኛ ክቡርነትዎ ባይገፋፉን ኖሮ መቼም አናየውም ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ሞንተጎቢ ደረስን። አንድ ትልቅ የመቅመሻ አዳራሽ ውስጥ ሰዎች ወይኑን አፋቸው ውስጥ ካንገላቱት በኋላ ባልዲ ላይ ይተፋሉ። ዴሊዮ ደንግጦ «ምነው? ተበላሽቶ ነው?» ብሎ በጆሮዬ ጠየቀኝ፤ ከዚያ ለሰዎቹ አዝኖ የራሱንም የእኔንም ዋጠ። አስተናጋጇ ልጅ የመጀመሪያው ብርጭቆ የቆዳ ኮርቻ፣ ሁለተኛው የእርጥብ ድንጋይ፣ ሦስተኛው የእርሳስ ሽታ እንዳለው ስታስረዳን፣ ባለቤቴ በሙሉ አክብሮት «ልጄ፣ ወይን ወይን የሚሸት የላችሁም?» አላት። ልወጣ ስል ጠጋ ብዬ «እናት አላችሁ?» ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅኳት። ልጅቱም ፈገግ ብላ «አዎ፣ ደህና ናት፣ ዛሬ ገበያ ወጥታለች» አለችኝ። በዚያ አዳራሽ የምናገኘው ነገር እንደሌለ ያን ጊዜ አወቅኩ።

በማግስቱ ካስተልማዶ ሄድን። እዚያ የአክስቴ ልጅ ዲና አለች፤ እሷም ስትዳር ከዚያችው ከእናታችን ድርሻዋን ወስዳ ነበርና ተስፋዬን ሁሉ የጣልኩት በእሷ ላይ ነበር። በሩን ከፍታ የዴሊዮን የቀብር ኮት ስታይ «ማን ሞተ?» አለች። ነገሩን ስነግራት ከመሳቢያ አንድ ወረቀት አውጥታ አስቀመጠችልኝ። የእርስዎ ፊርማ ነበር። የእሷን በርሜል ያጠቡት ከእኛ በሁለት ሳምንት ቀድመው ኖሯል። ሁለታችን እንደ ልጅነታችን ወጥ ቤት ተቀምጠን አለቀስን፤ ዴሊዮም የሚያደርገው ቢያጣ ሳህኖቻችንን አጠበ። ማጠብ የሚወዱት እርስዎ ብቻ አይደሉም።

ስንሰናበት ዲና ደጅ ድረስ ሸኝታኝ እንዲህ አለች፦ «አንቺ፣ ሮካሴራ አንዲት አሮጊት አሉ። የሳቸው እናት ጣሪያው አፍስሶባት ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው፣ ሁሉም ያውቃል። ዘንድሮ ግን ዘለላ ሰቅለዋል አሉ። ያለ እናት ዘለላ የሚሰቅል ማን አለ? ከየት አምጥተው ነው?» የምግብ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ይህችን ሴት ቢቀጥራት ኖሮ አገር ይጸዳ ነበር።

ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ ወንበር ስበው እንዲቀመጡ በትሕትና እመክራለሁ።

በሦስተኛው ቀን ሮካሴራ ወጣን። አሮጊቷ ሲኞራ ኤርሲሊያ የሰማንያ ስምንት ዓመት መበለት ናቸው፤ ከመስኮት ሆነው «ልትቀምሱ ነው የመጣችሁ ወይስ ልትሸጡልኝ?» ብለው ጮኹብን። ዴሊዮ ሊዋሽ አፉን ከፈተ፤ እኔ ግን ቀና ብዬ በመስኮቱ የተሰቀለውን ዘለላ ሳይ ቀድሜው «እናታችንን አጠቡብን!» አልኩ። ሴትዮዋ «የቷን እናት?» ብለው አልጠየቁም። ወርደው በሩን ከፈቱ፣ የለውዝ ብስኩት አቀረቡ፣ ሁሉንም ከስሩ አስነገሩኝ። ስለ ፈላው ውሃ ስደርስ ጠረጴዛውን በጡጫ መትተው «ምን ዓይነት ጉደኛ ነው? እሱ እናት የለችውም እንዴ?» አሉ።

እኔ መልሱን ያን ጊዜ አላውቀውም ነበር።

ከዚያም «አይዞሽ የኔ ልጅ። የኔ ልጅ እግዜር ይባርከው፣ ከተማ ትልቅ ቢሮ አለው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ እናት ፈልግልኝ እያልኩ ስነዘንዘው ቆይቶ ዘንድሮ ይዞልኝ መጣ። ለሁለታችንም ትበቃለች» ብለው ከቁም ሳጥኑ አንድ ጠርሙስ አወጡ። ክዳኑ ሰማያዊ ነው። አንገቱ ላይ የተሰበረ ቀይ ሰም አለ። ሆዱ ላይ ደግሞ «የኦርቴንሲያ ቲማቲም፤ እንዳትነካ» ይላል።

ዴሊዮ ባርኔጣውን አወለቀና «ኦርቴንሲያ፣ ቲማቲምሽ ተገኘ» አለ።

ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሲኞራ ኤርሲሊያ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡ፣ ፊርማው ላይ ሲደርሱ ቆሙ፣ መነጽራቸውንም አውልቀው ጠራርገው እንደገና አነበቡ። እውነቱን ልንገርዎ፣ በዚያች ሰዓት አሳዘኑኝ፤ ወረቀቱን ባልሰጠኋቸው ብዬ ተጸጸትኩ። በመጨረሻ የእንጨት ማንኪያ አንስተው እናትን ለሁለት ከፈሏትና ወደ እኔ እየገፉ «ትልቁን አንቺ ውሰጂ። ልጄን ደግሞ ለኔ ተዪው» አሉኝ።

እንግዲህ ክቡር ዶክተር፣ ከዚህ በኋላ ቁጥሩ ጠፍቶብኛልና ልመናዬን እንዲሁ አቀርባለሁ። የፊታችን እሁድ ዘለላችንን እንጨምቃለን፣ የኤልቪራንም እናት ወደ በርሜሏ እንመልሳለን፤ ይህም በአራተኛው አንቀጽ የተከለከለ መሆኑን በሚገባ አውቃለሁ። ስለሆነም ክቡርነትዎ ከሁለት አንዱን እንዲመርጡ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ፤ ወይ የእኛንና የዲናን ትእዛዝ በዚያው ባማረ ፊርማዎ ይሰርዙልን፣ ወይ ደግሞ ሕግ ለሁሉም እኩል ነውና ሶዳዎን ይዘው መጀመሪያ ወደ ሮካሴራ ይውጡ። ውሃውን ማፍላት አያስፈልግዎትም፤ ወላጅ እናትዎ «እኔ ራሴ አፍልቼ እጠብቀዋለሁ» ብለዋል።

ይህን ደብዳቤ ደጅ ላይ ለመለጠፍ ፈቃድ የሰጡኝም እሳቸው ናቸው። ሁለት ቦታ ላይ የቃላት እርማት አድርገውልኛል፤ የእኔ ቃል ለስለስ ያለ ነበር።

የመጀመሪያውን ከመረጡ እሁድ ምሳ ከእኛ ጋር ይብሉ፤ ጥንቸል አለ፣ እናትዎም ይኖራሉ፣ እናቴም ትኖራለች። ዶሮዎቹ ግን ሲያዩዎት በደስታ ቢከቡዎት ቅር እንዳይልዎት።

የፈላ ውሃ ባየች ቁጥር ስምዎን በጸሎቷ የምታነሳ፣ ዕድሜና ጤና፣ ከሁሉም በላይ ለእናትዎ የሚሰጡት ጥሩ ማብራሪያ እንዲገኝልዎ ከልቧ የምትመኝ፣ ታዛዥዎ፣

ኦርቴንሲያ ባርቢ
ፖጆሳልቮ፣ ከላይኛው ምንጭ አጠገብ
(ዴሊዮም ሰላም በይልኝ ብሏል፤ ለመፈረም ግን ፈርቷል።)

ተጨማሪ፦ የዘለልኩትን ሦስተኛ ነጥብ አሁን ዴሊዮ ስለተኛ እጽፈዋለሁ። ስለ ናሙናው ውጤት ሦስት ጊዜ ስልክ ደውዬ ጽሕፈት ቤትዎ «ገና በምርመራ ላይ ነው» ብሎኝ ነበር። ከእንግዲህ አይቸገሩ፤ ውጤቱን ራሳችን አግኝተነዋል። ጠርሙሱ ሥር በእርስዎ እጅ የተጻፈች ትንሽ ወረቀት ተለጥፋ ነበር፤ እንዲህ ትላለች፦ «እማዬ፣ ቆሻሻ መስሎሽ እንዳትደፊያት፤ እውነተኛ እናት ናት፣ ሌላ አላገኝልሽም። አደራ፣ ውሃ እንዳይነካት።» በዚህ የላቦራቶሪ ውጤት እኔም ባለቤቴም ሙሉ በሙሉ ተስማምተናል።