ብረት ሳይዙ በቀትር

አባየ፣ የኔ ጀግና፣

ከተለየኸን ወዲህ ኮኪት ላይ ሰሊጡ ሁለት ጊዜ ታጨደ። የዘንድሮው፣ ተመስገን ነው፣ ሸጋ ነው፤ ነዶው ታስሮ፣ እንዲደርቅ ተደጋግፎ ቆሞ፣ ሂላ ሂላ ሆኖ ማሳውን ሞልቶታል። ትራክተሩን ወንድሜ ይዞታል። እንዳንተ መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳርፎ ሕመሙን ለማወቅ ይሞክራል፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ካንተ በተለየ ጆሮው ስለሚሰማለት መዳፉ ሰነፈ። ስትስቅበት ታየኝ።

እኔ ልጅህ ደግሞ፣ ያቺ አፏን ሳትፈታ በእጇ ካንተ ጋር ማውራት የጀመረችው፣ ማስተርሴን ያዝኩልህ! እሰይ በለኝ እንጂ። ያጠናሁት ምን መሰለህ? ጆሮ! የውስጥ ጆሮ በማሕፀን ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ። ጎንደር ሳለሁ፣ የጫጩት ጆሮ አሠራሩ የሰውን ስለሚመስል፣ የእንቁላል ቅርፊት ገለጥ አድርገን ገና ጫጩት ያልሆነውን ፅንስ በማይክሮስኮፕ ስናይ፣ ሁሌ አንተ ነበርክ ፊቴ ላይ ድቅን የምትልብኝ።

መጀመሪያ ጆሮ የሚባል ነገር የለም አባየ። በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ተራ ቆዳ ብቻ ነው። ከዚያ አጠገቡ ያሉት ሕዋሳት የእድገት አነቃቂ የሚባሉ ፕሮቲኖችን ይልኩበታል። መልእክቱ የደረሰው ቆዳ ወፈር ይላል፣ ጎድጎድ ይላል፣ ኋላም አፉን ዘግቶ ትንሽ ከረጢት ይሆናል። የምንሰማበትም፣ ሳንወድቅ የምንቆምበትም ከዚያች ከረጢት ይወጣል። የትኛው ሕዋስ መቼ ምን እንደሚሆን የሚያዙት ዘረመሎች ናቸው። አንዱ ብቻ ከተበላሸ፣ ሌላው ሰውነት ሁሉ አምሮ ሠምሮ መስማት ሊቀር ይችላል።

ይህን ሁሉ የማወራህ በእናትህ በእማሆይ ምክንያት ነው። አንተን አርግዘው፣ ሆዳቸው ገፍቶ፣ በአጨዳ ሰሞን ብረት ሳይዙ በቀትር ማሳ ወጥተው ነበር። የቀትር ጋኔን መታኝ፣ የልጄን ጆሮ የደፈንኩት እኔ ነኝ እያሉ ዕድሜ ልካቸውን አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ የጋኔን መከላከያ ቢላዋቸው ከወገባቸው ተለይቶ አያውቅም፣ እሳቸውም በቀትር ከቤት ወጥተው አያውቁም። አንተ ሙቀት የሚፈሩ ይመስልህ ነበር። ማን ደፍሮ በእጁ ይንገርህ?

እንደተመረቅሁ መጥቼ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። የውስጥ ጆሮ የሚጀመረው እናት ማርገዟን እንኳ በወጉ ሳታውቅ ነው፤ እርስዎ ማሳ በወጡ ጊዜ የአባየ ጆሮ ተሠርቶ ካለቀ ቆይቶ ነበር፣ ፀሐይዋም ጋኔኑም የሉበትም አልኳቸው። ደምብያ አገራቸው የቀረው የወንድማቸው ልጅም እንዳንተ ስለማይሰማ፣ በዘር የመጣ ይመስለኛል ብዬ ጨመርኩ። ያኔ ፊታቸው ጥቁር አለ። እንግዲያው ደሜ ነዋ፣ ዞሮ ዞሮ እኔው ነኝ ብለው በነጠላቸው ተሸፈኑ። ወይ ጉዴ! ላድን ብዬ ገደልኳቸው አልኩ።

ግን ልጅህ አይደለሁ፣ አልተውኳቸውም። እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ከእናትም ከአባትም እኩል እንደሚመጣ፣ ሁለቱም እየሰሙ ሳያውቁት ይዘውት እንደሚኖሩ፣ ለልጁ መርጦ የሚሰጥ እንደሌለ አስረዳኋቸው። ያው ደም እኮ ነው እነዚያን እጆች የሰጠው፣ ያንን ሳቅ የሰጠው፤ የእሱን ያህል አራሽ በዚህ አገር ማን አለ አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ። ነጠላቸውን ሳይገልጡ ተኙ።

በማግስቱ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ከቤት አጣናቸው። ቢላዋው መደቡ ላይ ተቀምጧል። ተደናግጠን ስንሮጥ እማሆይ ባዶ እጃቸውን ማሳው መሀል ቆመዋል፣ በቀትር! የኮኪትን ፀሐይ ታውቃታለህ። ፊታቸውን ወዳረፍክበት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው፣ አንተ ባስተማርከን የእጅ ቋንቋ ያዋሩህ ነበር። ደረታቸውን ነክተው እጃቸውን አራገፉ፦ እኔ አይደለሁም። ከዚያ ወዳንተ ጠቁመው፣ ጀግና ለማለት እንደምናደርገው፣ ጡጫቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉ። እኔ ቆሜ አነባሁ።

አልረሳህም አባየ። ስለ ሥራዬ የሚጠይቀኝ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው ያንተን ታሪክ ነው፤ ራሴን ቀና አድርጌ፣ አባቴ አይሰማም ነበር ብዬ እጀምራለሁ። ለምወልዳቸውም እጅህን አስተምራለሁ። እማሆይ ዛሬም በቀትር ወጥተዋል፤ ምሳቸውን ይዤላቸው ልሄድ ነው።

ልጅህ