ድምፅዎን ከፍ ያድርጉልኝ

ጊምባል፣ ዝናቡ በገባ ሰሞን

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ ወገቡን ተሻለው? እዚያ አሁን በረዶው ቀልጦ የጓሮሽን አፈር መቆፈር የጀመርሽ ይመስለኛል። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የወጥ ቤቱ ጣሪያ በምታውቂው ቦታ ያፈሳል፤ እኔም በዚያችው ባልዲ እቀበለዋለሁ።

ከሁሉ በፊት የምትጠብቂውን ልንገርሽ። ውሳኔው ትናንት ደረሰኝ። ዳኛዋ የካናዳው ፍርድ ቤት ያጸደቀላችሁ ጉዲፈቻ እዚህም እንዲጸና ወስነዋል። የሊዘል የልደት መዝገብ በእናንተ ስም ይታደሳል፤ ሰርጓንም እዚሁ ቤተ ክርስቲያናችን ለማድረግ የሚያግዳት ነገር የለም። ጠበቃው በስልክ የሚነግርሽ ይህን ብቻ ነው። የቀረውን እኔ በቅደም ተከተል ልጻፍልሽ።

ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ፣ አቤቱታው ጋዜጣ ላይ መውጣትና ማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ነበረበት። ስማችን ከነዝምድናችን ወጣ። እንግዲህ አገር ሊያውቅ ነው ብዬ ሰሞኑን ገበያ መውጣት ተውኩ። በመጨረሻ ስወጣ ዓሣ ሻጯ ኮሪንግ እንደ ልማዷ፣ "መምህር፣ ዛሬም አንድ ዓሣ ብቻ?" አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ሁላችን የምናውቀውን ነገር ጋዜጣ ላይ ለማውጣት ደግሞ ትከፍላላችሁ? እኔን ብትጠይቁኝ በነፃ እለፍፍላችሁ ነበር" አለች። ሳቅኩ። የጋዜጣውን ሌላ ገጽ ሁሉ ዓሣ ስትጠቀልልበት፣ ያቺን ገጽ ግን አጣጥፋ ከሚዛኑ ሥር አኑራት ኖሮ፣ አውጥታ ሰጠችኝ።

ለችሎቱ ጡረታ በወጣሁ ቀን የለበስኩትን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሼ ሄድኩ። አስተናባሪው በሩ ላይ ቆሞ የእናንተን ስም ጠራና፣ "የሚቃወም አለ?" ሲል ወደ ኮሪደሩ ተጣራ። ደግሞ ተጣራ። እዚያ ኦቾሎኒ የሚፈለፍል አንድ ሰውዬ ነበር፤ ቀና ብሎ አየንና ወደ ኦቾሎኒው ተመለሰ። እኔ ፊት ወንበር ላይ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። አልተንቀሳቀስኩም።

ከዚያ ለምስክርነት ጠሩኝ። ማልሁ። ጠበቃው ስሜን፣ ዕድሜዬን፣ ሥራዬን ጠየቀኝ፤ እንዳስጠናኝ መለስኩ። ቀጥሎ፣ "ሊዘል ለእርስዎ ምንዎ ናት?" አለኝ።

ይህን ስንቱ ጠይቆኛል፤ የምመልሰውንም ታውቂያለሽ። የመነኮሳቱ ትምህርት ቤት ሥራዬን እንዳላጣ አንቺና እኔ እናታችን ፊት የተስማማንበትን መልስ ነበር የምሰጠው። ሊዘል እንኳ ነገሩን ካወቀች በኋላ "አክስቴ" ማለቱን አልተወችም፤ እኔም ተዪ አላልኳትም።

"ልጄ ናት" አልኩ።

የችሎቱ ጸሐፊ ጣቶቿን ከማሽኑ ላይ አንስታ፣ "ይቅርታ መምህር፣ አልተሰማኝም። ድምፅዎን ከፍ ያድርጉልኝ" አለች።

"ልጄ ናት። የወለድኳት እኔ ነኝ።"

ይህ ተጻፈ። ዳኛዋም ለእናንተ የሰጠኋት በፈቃዴ እንደሆነ ጠየቁኝ። አዎ አልኩ፤ እሱም ተጻፈ።

ስንወጣ ጠበቃው ደረጃው ላይ፣ "መምህር፣ ክፍል ሙሉ ልጅ ሲያስተምሩ ኖረው ዛሬ ድምፅ አጠረዎት?" ብሎ ቀለደብኝ። ጉንፋን ይዞኝ ነው አልኩት።

እህቴ፣ ጉንፋን አልያዘኝም ነበር።

የሰርጉ ቀን እስከ መሠዊያው ድረስ ከጎኗ የምትሄጂው አንቺ ነሽ፤ ቀሚስሽን ቀድመሽ አሰፊ፣ እዚህ ያሉት ሰፊዎች ቀጠሮ አያከብሩም። እኔ ከኋላ ካሉት ወንበሮች ባንዱ እቀመጣለሁ፤ ለጉልበቴም የሚሻለው እሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ንገሪልኝ። ስትመጣ በልጅነቷ ታደርገው እንደነበረው እጄን ይዛ ግንባሯን ታስነካው። ይህ የታላቅ ክብር ለአክስትም የሚገባ ነው።

እግዚአብሔር ቤታችሁን በጤና ያቆይላችሁ። ሙሽራዋን ከክፉ ይጠብቅልሽ፤ የልጅ ልጅ አቅፈሽ ለማየት ያብቃሽ።

ታላቅ እህትሽ፣
የልጅሽ አክስት