የክረምቱ ዘይት ሳይደፋ፣ ለእናቴ ክንድ

ለሽቶ ዘይት ሙከራና ጥራት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው

ጉዳዩ፦ በመጪው ዓርብ እንዲደፋ የታዘዘው የክረምት ዘይት ከመደፋቱ በፊት ለአንድ ቀን በእናቴ ክንድ ላይ እንዲቀባ ፈቃድ ስለመጠየቅ

ክብርት ኃላፊ፣

እኔ አመልካች በክፍልዎ የበጋ ዘይት የሚሞከርብኝ ሠራተኛ ስሆን፣ በባልደረቦቼ ዘንድ «ጭራሮ»፣ በእርስዎ ቢሮ ደግሞ «ያ ልጅ» በሚል ስም እታወቃለሁ። ይህንኑ ጥያቄ ባለፈው ሳምንት በቃል ላቀርብ ገብቼ፣ ገና «እናቴ» ከማለቴ «ውጣ! ዛሬ ደግሞ በእናትህ መጣህ?» ተብዬ ስለተመለስኩ በጽሑፍ ለማቅረብ ተገድጃለሁ። በእርስዎ አልፈርድም። በእንግዶች ፊት «አዲሱ የጸደይ ዘይት ነው» ተብሎ የነጭ ሽንኩርት ውሃ ያሸተተ ሰው እኔን ባያምን እውነት አለው። ስምንተኛ ክፍል ላይ እኔና ትምህርት በሰላም ስለተለያየን የአጻጻፍ ጉድለት ቢገኝ ይታለፍልኝ። ጉዳዩ ግን እስከ መጨረሻው እንዲነበብልኝ በትሕትና እለምናለሁ። እዚህ ውስጥ የነጭ ሽንኩርት ውሃ የለም።

1. እንደሚያውቁት በክፍላችን ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ ክንድና አፍንጫ። አፍንጫዎቹ የተማሩት ናቸው፤ ያሸታሉ፣ ይጽፋሉ፣ ቡራቡሬ ሻርፕ ያደርጋሉ። እኛ ክንዶቹ እጅጌያችንን ሰብስበን እንቀመጣለን፤ እንቀባለን፣ እንሸተታለን፣ ከቀላን ወይም ካሳከከን እንናገራለን። ወረቀት ላይ ዘይት ሁሉ ጨዋ ነው፤ ጠባዩ የሚታወቀው ቆዳ ላይ ሲውል ነው። የበጋውን ዘይት፣ ላብ ሽታውን ስለሚገፋው፣ ቀለል አድርገው ይቀምሙታል፤ የክረምቱን፣ ብርድ ስለሚያፍነው፣ ከበድ ያደርጉታል። ስለዚህ ለየወቅቱ የራሱ ክንድ አለው። እኔ ላቤ ስለማያልቅ በጋ ተሰጠኝ። ክረምት የእህቴ ነበር።

2. እህቴን እኔ «እታለም» እላት ነበር፤ ከእኔ ተምሮ ክፍሉ ሁሉ እንደዚያው ይጠራት ነበር፣ ከእሷ የሚበልጡት ሳይቀሩ። የዘንድሮው ሙከራ ከተጀመረ በኋላ በልብ ሕመም በድንገት አረፈች። ሐኪሙ እንደነገሩን ሕመሙ ከልጅነቷ አብሯት የኖረ ነው። ዘይቱ በደል የለበትም፤ ዘይቱን ለመክሰስም አልመጣሁም። የመጣሁት ለዘይቱ ላማልድ ነው።

ቀማሚው የክረምቱን ዘይት ለዓመታት የቀመሙት አንድ ዓይነት እንጨት መሠረት አድርገው ነው። በሌላ ሰው ቆዳ ላይ እርጥብ እንጨትና የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል፤ እሳቸውም ያሰቡት ይህንኑ ነው። በእታለም ክንድ ላይ ግን ትንሽ ከቆየ በኋላ ፊቱን ያዞራል። ገና አሁን የተቀረጸ እርሳስ ይሸታል፤ ከሥሩ ትንሽ ጨው፣ ትንሽ ሙቀት። ክረምት ቤታችን የሚገባው በዝናቡ አልነበረም፤ በእሷ ክንድ ነበር። ከሥራ ስትመለስ «ደብተርሽ የት አለ፣ የኔ ተማሪ?» እያልኩ እቀልድባት ነበር። «አንተ ብትማር ኖሮ ይህን ሽታ ከየት እንደምታውቀው ይገባህ ነበር» ትለኝ ነበር።

3. ወንበሯ ባዶ ሆኖ ሙከራው ተንጠልጥሎ መቅረት ስላልነበረበት «ለጊዜው ጭራሮ ይቀባ» ተባለ። ተቀባሁ። ዘይቱ እስኪረጋ ድረስ እንደ ልማዴ ስለፈልፍ ነበር። ባለመነጽሯ አፍንጫ ክንዴ ላይ አጎንብሳ አልቀና አለች። «ምነው፣ ተጣበቅሽ እንዴ?» አልኳት። በዚህ መሃል ብልቃጥ አጣቢዋ እትዬ ትሪ ተሸክመው ከኋላዬ ገቡና ቀና ሳይሉ «እታለም፣ እስቲ በሩን ያዥልኝ» አሉ።

ያሉት ነገር ወዲያው ገባቸው። ትሪውን ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡና እሳቸውም አጠገቡ ቁጭ አሉ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ደግሞ ክፍሉ ተማክሮ የእጄን የሰጠኝ መሰለኝ። «ጥሩ ነው፣ ተበላሁ! አሪፍ ተጫወታችሁ!» ብዬ ሳቅሁ። እጄንም አጨበጨብኩ። የሚስቀው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ያወቅሁት ከቆየሁ በኋላ ነው።

4. ዋናው አቤቱታዬ ያለው እዚህ ላይ ነው። የተቀባ ሰው አፍንጫ የራሱን ዘይት ቶሎ ይለምደውና ከዚያ በኋላ አይሰማውም። ክንድ ስለ ራሱ ሽታ ምስክርነት እንዳይሰጥ መመሪያችን የሚከለክለውም ለዚሁ ነው። እኔ ስቀባ መጀመሪያ እንጨቱና ልጣጩ ይሸተኛል። እርሳሱ የሚመጣው ዘይቱ ከቆዳዬ ጋር ከተስማማ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የእኔ አፍንጫ ጠግቦ ተኝቷል። ስለዚህ እህቴ ከሞተች በኋላ በክፍሉ፣ በኮሪደሩ፣ በደረጃው ስትመላለስ ሰው ሁሉ አግኝቷታል። ያላገኘኋት የተሸከምኳት እኔ ብቻ ነኝ።

አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ በር ጠባቂው ጀርባቸውን ሰጥተው ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር። በአጠገባቸው ሳልፍ «ደህና እደሪ ልጄ» አሉ። «እኔ ነኝ ጋሼ» ልል አፌን ከፈትኩ። ሳይዞሩ እጃቸውን ብቻ ወደ ኋላ አውለበለቡልኝ። ቢዞሩ ምን እንደሚያጡ ያወቁ ይመስለኛል። እኔም ዝም ብዬ፣ ኮቴዬን አሳንሼ ወጣሁ።

ምን ያልሞከርኩት አለ? አፍንጫዬን በጨው ውሃ አጥቤዋለሁ። ከወንበሯ ጀርባ ተንጠልጥሎ በቀረው ሹራቧ ላይ ጠብ አድርጌ አይቻለሁ፤ ጨርቅ ላይ እንጨትና ልጣጭ ብቻ ነው። የበጋ ባልደረባዬን፣ ወፍራሙን፣ በምሳ ደልዬ ቀብቼዋለሁ፤ እሱ ላይ ዝናብ የመታው ፍየል ሆነ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ባለመነጽሯን ይጠይቁ፣ መስኮት የከፈተችው እሷ ናት።

5. እናቴን በተመለከተ። እታለም ካረፈች ወዲህ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ ነበር የምትውለው። የምትቀምሳት ጉርሻ በእኔ ልመና ነበር። መጀመሪያ የተቀባሁ ዕለት ስገባ ግን፣ ሳትዞር፣ «ጫማሽን በር ላይ!» ብላ ተቆጣች። ከዚያ ተነስታ ተቀመጠች።

አእምሮዋ የተነካ እንዳይመስልዎ። እናቴ ከእኔም ከእርስዎም የተሻለ አእምሮ አላት፤ ይቅርታ፣ ከእኔ። «አንተ መሆንህን አውቃለሁ፤ አላበድኩም» አለችኝ። «ግን በናትህ ትንሽ ዝም በል። ስታወራ ትሄዳለች።» ክብርት ኃላፊ፣ እኔን ዝም በል! እርስዎ በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ያልቻሉትን! ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስመለስ አጠገቧ እንደ ዕቃ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ትበላ ነበር። አንዳንዴም ፈገግ ትልና፣ ምን እንደሰማች አላውቅም፣ ራሷን ትነቀንቅ ነበር። በአንድ ሶፋ ላይ እናቴ ከሁለት ልጆቿ ጋር ትቀመጥ ነበር። እኔ ከእናቴ ጋር ብቻ።

6. ከዚህ በኋላ ክፍልዎ ዘይቱ በሁለት ሰው ቆዳ ላይ ያልታሰበ ሽታ ማምጣቱን አይቶ «ጠባዩ የማይታመን» ብሎታል። ከመጪው ዓመት ጀምሮ እንጨቱ እንዲቀየር፣ በመጨረሻዋ ብልቃጥ የቀረውም ዓርብ እንዲደፋ፣ እኔም ወደ በጋዬ እንድመለስ ተወስኗል። ውሳኔውን አልቃወምም። ገዢው ላይ ምን እንደሚሆን ያልታወቀ ዘይት አይሸጥም። «ጠባዩ የማይታመን» የሚለው ቃል እኔም ላይ በተደጋጋሚ የተጻፈ ስለሆነ ከዘይቱ ጋር ትንሽ ዝምድና ተሰምቶኛል፤ ሌላ ቅሬታ የለኝም።

ዝም ብዬም እቀር ነበር። ነገር ግን ለመጨረሻ ጊዜ በተቀባሁ ዕለት እናቴ ክንዴን እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት። በማግሥቱ ጠዋት ታጥቤ፣ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ፣ ነፋስ መትቶኝ ስመለስ የሸሚዜን ኮሌታ ልታስተካክል እጇን ወደ አንገቴ ዘረጋች። መዳፏ በአፍንጫዬ በኩል አለፈ።

እርሳስ ነበር። ጨውና ሙቀቱም ነበረ። ዳቦው ከእጄ ወደቀ። እታለም ከኋላዬ ቆማ «ደብተሬን አየኸው?» የምትለኝ ያህል ነው የቀረበችኝ፤ ዞርኩ። በሩ ብቻ ነበር። «ምነው፣ ጅብ ያየህ ትመስላለህ?» አለች እናቴ። «እጅሽን፣ እጅሽን መልሺው» አልኳት። መለሰችው፤ አልነበረም። ደግሜ ደግሜ አሸተትኩ፤ የእናቴ እጅ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

7. ከዚህ የተነሳ ዘይቱ በእናቴም ቆዳ ላይ እንደ ልጆቿ እንደሚዞር ተረድቻለሁ። ይህንንም በደንቡ መሠረት ለማጣራት እንዲፈቀድልኝ የሚከተለውን እጠይቃለሁ፦

ሀ) ብልቃጧ ዓርብ ጠዋት ሳይሆን ዓርብ ሥራ ሲያበቃ እንድትደፋ። ያን ጊዜ የሚደፋ ነገር ላይኖር ይችላል።

ለ) እናቴ ለዚያ አንድ ቀን በክንድነት እንድትመዘገብ። መመሪያው ዕድሜው ከአርባ አምስት ያለፈን ቆዳ፣ ዘይት ስለሚጠጣ፣ አይቀበልም። እውነት ነው፣ ይጠጣል። ጠጥቶ የሚተርፈው ግን ለእኛ ይበቃናል። ቆዳዋን እንዳያስቆጣው ሲባልም ቀማሚው አስቀድመው በክርኗ መታጠፊያ አንዲት ጠብታ ሞክረው ማየት ይችላሉ። እናቴ ሽታ ባለው ሳሙና መታጠብ ካቆመች ቆይታለች፤ የቀኝ ክንዷን ሽንኩርት ስትከትፍ እንኳ ከጀርባዋ ታደርገዋለች። በአንድ እጅ ሽንኩርት ሲከተፍ ቢያዩ ያለ ምንም ክርክር ይፈርሙ ነበር።

ሐ) እኔ በዚያ ቀን በአፍንጫ ወንበር እንድቀመጥ። ወንበሩ ዲግሪ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ምንም አልጽፍም፣ ምንም አልመሰክርም፤ መዝገቡ ላይ ባዶ ይለፍ።

የቁም ሳጥኑ ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ፤ እርስዎም ማወቄን ያውቃሉ። ለሌላ ነገር ቢሆን ይህን ያህል ቀለም አልጨርስም ነበር። ግን ብሰርቀው ቀልድ ይሆናል፤ ለሳምንት ይሳቅበታል፣ እኔም እስቅ ይሆናል። እህቴን በዚያ መንገድ ማግኘት አልፈልግም።

8. አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ብልቃጧ ውስጥ የቀረው ለአንድ ክንድ፣ ለአንድ ቀን ነው። ስለዚህ ይህን ከመጻፌ በፊት ለእናቴ በግልጽ ነግሬአታለሁ። «እማ፣ እንዳትታለዪ። አንቺ ከተቀባሽ ለእኔ ይሸተኛል እንጂ ለአንቺ አይሸትሽም። እኔ ከተቀባሁ ግን አንድ ቀን ተጨማሪ ታገኚያታለሽ። ከዚያ ወዲያ የለም፤ ለሁለታችንም የለም። አንቺ ምረጪ፣ እኔ አልቀየምም» አልኳት። ቀልዴን መሆኑን ለማየት ፊቴን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበች።

«ሞኝ» አለችኝ። «እኔ ገና ስትወለድ፣ ሳትታጠብ፣ ደረቴ ላይ አድርጌ አሽትቻታለሁ። እሱን ማን ይደፋብኛል? ሂድ፣ ክንዴን አስመዝግብ።»

ውሳኔዎን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

ለዛሬ ብቻ ያለ ምንም ቀልድ፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ጭራሮ
የበጋ ክንድ፤ የክረምቷ ታናሽ ወንድም