ያልተከራየው ክፍል

ይድረስ ለልጄ፤ እንዴት ነሽ? እኔ ከንዴቴ በቀር ምንም አልሆንኩም።

አሸነፍኩ! ሦስቱን ክፍሎች ለእንግዳ በቀን የማከራይበት ፈቃድ ወጣ። ተቆጣጣሪው አንዴ በእሳት ማጥፊያ፣ አንዴ በደረጃ መብራት አመላልሶኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ደንቡን ከነአንቀጹ ሳነበንብለት ሦስቱንም ክፍሎች ሳይወድ አለፈልኝ።

አራተኛውን፣ ያንቺን ክፍል ሲያይ ግን ነፍስ ዘራ።

«ጋሼ፣ ይሄ ባዶ ነው፤ ለምን አይከራይም?»

«ልጄ ትተኛበታለች።»

«የታለች ታዲያ?»

«ደንብህ የቤተሰብ መኝታ አይከራይም ይላል እንጂ ቤተሰቡ አልጋው ላይ ይገኝ ይላል? አሳየኛ!»

ሳቁ አመለጠው፤ ፈረመ።

ስልክሽ አልጠራ ስላለኝ ነው የጻፍኩት። እንግዶች የሚያድሩባቸውን ክፍሎች ቁልፍ በደንቡ መሠረት ቀይሬያለሁ፤ የውጭውን በርና ያንቺን ግን አልነካሁም። የያዝሽው ቁልፍ ይከፍታል።

በደህና ያገናኘን፤
ባለፈቃዱ አባትሽ