በዝግተኛው ክፍል የተሰማ ትንፋሽ

ጅቡቲ፣ ዋራበሌ
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እህቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስትወጪ መደገፊያውን ያዢ። እኔ አምላክ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ፤ ሙቀቱም በርዷል።

ሹፌሩ ገለታ ከዶራሌ ወደብ ሊጭን ሲመጣ የላክሽውን ሲዲ አደረሰልኝ። ሻይ ጠጣ ስለው መንገድ አለብኝ አለ። ሌላ ጊዜ ሦስት ብርጭቆ ሳይጠጣ አይነሳም፤ አሁን ግን መሬት መሬት እያየ ሰጥቶኝ ሄደ።

ማጫወቻውን ያመጣችልኝ ጎረቤቴ ናዒማ ናት። ሩብ ሰዓት አብራኝ ሰማችና፣ እማማ፣ ዘፋኙ መቼ ነው የሚመጣው፣ ሚስቱ ከለከለችው እንዴ አለችኝ። ሲምፎኒ ዘፋኝ የለውም አልኳት። ይሄን ሁሉ ሰው ሰብስበው አንድ ዘፋኝ አጡ ብላ ሳቀችብኝ።

ኦርኬስትራው መጥፎ አይደለም። ቫዮሊኖቹ ይቸኩላሉ። የልጄ የአምሀ ስም ከሽፋኑ ጀርባ፣ በአባላቱ ዝርዝር ውስጥ፣ ከክላርኔት ተጫዋቾች መጀመሪያ ላይ ታትሟል። በሁለተኛው ሲምፎኒ ዝግተኛ ክፍል ክላርኔቱ ብቻውን ይገባል። ያንን ዜማ ለአምሀ በዘጠኝ ዓመቱ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ የድሬዳዋ የካቶሊክ ሚሲዮን መነኮሳት እኔን እንዳስተማሩኝ፣ በማስመሪያ እያስቆጠርኩ። የዜማው ሐረግ ሳያልቅ ከተነፈሰ እጁን እመታው ነበር። ከዚያ ወዲህ መሐል ላይ ተንፍሶ አያውቅም። ሲዲው ላይ ያለው ሰው መሐል ላይ ይተነፍሳል። አራት ጊዜ መልሼ ሰማሁት። ጎበዝ ተጫዋች ነው፤ አምሀ ግን አይደለም።

በሰኔ፣ ጉሮሮውን አሞት እኔ ዘንድ ተኝቷል፣ ስልክ አያነጋግርም ብለሽ ጻፍሽልኝ። በነሐሴ ደግሞ ተሽሎት ለቀረጻ ሲለማመድ ይውላል አልሽ። ለምን እንደማይደውል አልጠየቅሁሽም። መጠየቅ ነበረብኝ።

አልተቀየምኩሽም። እንዲህ ያለው ነገር በስልክም በወረቀትም አይነገርም፤ እኔም እዚህ ብቻዬን ነኝ። ደግ አደረግሽ ግን አልልሽም። ሲዲውን ወደ ማህደሩ መልሼ ምሳዬን በላሁ። ጨው አልነበረውም።

እዚህም ወግ የሚያውቅ ሰው አለ። ወደቡ ላይ ጸሐፊ የነበሩት አቶ መሳፍንትና ባለቤታቸው ቤቴን ያውቁታል። ደውዪላቸው። የሆነበትን ዕለት ንገሪያቸው። እኔ እንደማውቅ አትንገሪያቸው፤ እንደ ወጉ ጎህ ሲቀድ ይምጡ። ለብሼ እጠብቃለሁ፤ ወንበርም አዘጋጅቻለሁ። እነሱ መጥተው ሳይነግሩኝ ማልቀስ አልችልም።

እግዚአብሔር ልጄን ያስታመመ እጅሽን ይባርክልሽ።

ታላቅ እህትሽ