ደም የነካው የእሳት እራት

ይድረስ ለጌታዬ ለአያልነህ። አፈር ከለበስክ እነሆ ዓመት ሞላህ። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህና በእጄ የጻፍኩትን ስማኝ።

ልጃችን ቆማ መሄድ ጀምራለች፤ ቀይዋ ላምም ወልዳለች። ቤትህ ግን ሸጋ ዓመት አላየም። ያን ፈረንጅ ስትመራ ሽፍቶች ከፊትህ መጥተው ሳለ ጥይቱ የገባው በጀርባህ ነበርና፣ ሲሸሽ ተመታ ተባልክ። በለቅሶህ ላይ አንድ ወንድ እንኳ አልፎከረልህም። ወንድምህ ተገኘ ሳይቀር አንገቱን ደፍቶ ቆመ! የሁሉንም ፊት ብቧጭር ደስ ባለኝ።

ገላህ ሲታጠብ ከኪስህ የክብሪት ቀፎ አወጡ፤ ጠርዙ በደምህ ርሷል። ውስጡ ክንፉ እንደ ነብር የተዝጎረጎረ የእሳት እራት ነበር። ትዝ ይልሃል፣ ያን ፈረንጅ ስሜን ተራራ ላይ ስትመራ ከርመህ፣ ጅብራ ከሚሉት የደጋ ተክል ሥር የለቀምከውን አባ ጨጓሬ ቤት አምጥተህ፣ ክንፍ አውጥቶ የእሳት እራት እስኪሆን ቅጠል ስታበላው? እኔ ስሰድብህ አንተ ትስቅ ነበር።

ሙት ዓመትህ ሲቃረብ ፈረንጁ ካስተርጓሚው ጋር መጣ። ሊያስተዛዝነኝ መስሎኝ! ለካስ የመጣው ለቀፎው ነው። ባገሩ ያሉት ሊቃውንት ከዚህ የእሳት እራት ያገኙት ሴቲቱን ብቻ ነው አለ፤ የቀፎው ግን ወንዱ ነው። ግማሾቹ በክንፏ መልክ አይተው ከአንዱ ወገን ይመድቧታል፣ ግማሾቹ ከሌላው። የወንዱ ሆድ ተከፍቶ ብልቱ በማጉያ መነጽር ካልታየ ወገኗ አይለይም። ይህን ሁሉ ሲያወራ ያንተን ስም አንዴ እንኳ አላነሳም። 

ቀፎውን ከእሳቱ በላይ ይዤ፣ ባሌ እንዴት እንደሞተ ካልተናገርክ አነደዋለሁ አልኩት። ጣቴ ሲለበለብ አየ። ከዚያ እውነቱን አወጣው፤ አንተ ሽፍቶቹን ፊት ለፊት ገጥመህ የአንዱን ክንድ በዱላ ሰብረህ ሳለ፣ እሱ ከኋላህ ሆኖ በድንጋጤ ተኮሰ። የገደለህ የእሱ ሽጉጥ ነው።

አጠገቤ ሆኖ ይሰማ የነበረው ተገኘ ጠመንጃውን አቀባበለ። አፈሙዙን በደረቴ ከለከልኩት። ለፈረንጁ አዝኜ እንዳይመስልህ! ሬሳ ምን ብሎ ይመሰክርልኛል?

በሙት ዓመትህ ፈረንጁን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አቁሜ፣ በሰው ሁሉ ፊት ቃሉን አስደገምኩት። ተገኘ እንባው እየወረደ ፎከረልህ፤ እኔም እልል አልኩ። ቀፎውን ፈረንጁ እግር ሥር ወረወርኩለት፤ ያስጠራኋቸው ፖሊሶችም ሰውየውን ይዘው ወደ ጎንደር ሄዱ።

ሆዴ፣ አልረሳህም። እኔ በሕይወት እያለሁ ሸሽቶ ሞተ የሚልህ ቢገኝ፣ ጥርሱን ከመሬት ይለቅማል።